አዲስ ምት ሲለመድ የቀድሞውን ችሎታ ስለ መጠበቅ
በጠረጴዛ ቴኒስ ትምህርት ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ

በጠረጴዛ ቴኒስ ትምህርት አዘውትሮ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ይኸውም በፎርሃንድ ቀጥተኛ ምት መልካም ችሎታ ያዳበረ ተማሪ፣ ቶፕ ስፒን የተባለውን ምት መማር ሲጀምር የቀድሞው ምቱ የሚበላሽበት መሆኑ ነው። ኳሱ አንድ ጊዜ ከመረቡ ይጋጫል፤ ሌላ ጊዜ ጠረጴዛውን አልፎ ይወጣል። በዚህን ጊዜ ተማሪው ተስፋ ቆርጦ አዲሱን ምት ይተዋል፤ ወይም መምህሩ ተማሪው ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ በመቁጠር ዝቅተኛ ማርክ ይሰጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምክንያትና መፍትሔ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

የመዘበራረቁ ዋና ምክንያት የሁለቱ ምቶች መመሳሰል ነው። ሁለቱም በመዳፍ በኩል የሚመቱና ወገብን በማዞር የሚጀመሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በቀጥተኛው ምት ራኬቱ በአብዛኛው ወደ ፊት ሲሄድ፣ በቶፕ ስፒን ከታች ወደ ላይ ተነሥቶ ኳሱን እየጠረገ ያሽከረክረዋል። አጀማመራቸው ተቀራራቢ፣ አፈጻጸማቸው ግን የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይረብሻል። የተማሪው የቀድሞ ችሎታ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ያስቸገረው ከሁለቱ ተገቢውን በቅጽበት መምረጡ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ምት ወደ ጎን ከመተው ይልቅ ከአዲሱ ጋር እያፈራረቁ መለማመድ ይጠቅማል። ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ሦስት የእጅ እንቅስቃሴዎችን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው በመሄድ የተማሩ ሰዎች በልምምዱ ወቅት ፈጣኖች ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን እያቀላቀሉ የተማሩት በልጠው ተገኙ። ጉድ እና ማጊል እ.ኤ.አ. በ1986 በሦስት ዓይነት የባድሚንተን ሰርቪስ ላይ ያሳተሙት ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ተለማማጁ ምቱን በለወጠ ቁጥር እንቅስቃሴውን እንደ ገና ለማስታወስና ከሌላው ለመለየት ይገደዳል የሚል ነው።

በተግባር ሲታይ፣ ተማሪው የአዲሱን ምት ቅርጽ እስኪረዳ ድረስ ለብቻው ይለማመደው። ከዚያ በኋላ ጓደኛው ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስና ሽክርክሪት የሌለው ኳስ እያቀላቀለ ይላክለት። ተማሪውም ለመጀመሪያው በቶፕ ስፒን፣ ለሁለተኛው በቀጥተኛው ምት ይመልስ። የኳሱ ቅደም ተከተል አስቀድሞ እንዳይታወቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በውድድርም የሚያጋጥመው ይኸው ነውና።

እንዲህ ያለው ልምምድ በዕለቱ ስሕተትን ያበዛል። በመሆኑም መምህሩ ማርክ የሚሰጠው በልምምዱ ሰዓት በታየው ውጤት ሳይሆን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱንም ምቶች አቀላቅሎ በሚያቀርበው ፈተና ቢሆን ይመረጣል። ይህ ካልሆነ በእርግጥ እየተማረ ያለው ተማሪ እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ከሜዳው ሊርቅ ይችላል።