የበቆሎውን አገር በብስክሌት

በአሜሪካ ውስጥ አዮዋ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። የገበሬ አገር ነው። በምዕራብ ዳሩ ሚዙሪ፣ በምሥራቅ ዳሩ ሚሲሲፒ የሚባሉ ትላልቅ ወንዞች ይፈስሳሉ። በመካከል ያለው እርሻ አብዛኛው በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በነሐሴ ወር 1965 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1973) ጆን ካራስና ዶናልድ ኮል የሚባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ይህን አገር ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ሊያቋርጡ ተነሡ። «የፈለገ አብሮን ይምጣ» ብለው በጋዜጣቸው ጽፈው ስለነበር ወደ 300 የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። ጉዞው 6 ቀን ፈጀ።

ይህን ስናገር ከተማሪዎቼ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ለገበያ ነው ወይስ ለለቅሶ?» አሉኝ። ለደስታ ነው ስላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ስሰማው የሥራ ፈት ነገር መስሎኝ ነበር። «ቆይ አባባ፣ አንዱን ቀን ብቻ ልንገርዎ» አልኳቸው።

አምስተኛው ቀን ከባድ ነበር። ከዴ ሞይን ከተማ እስከ ዊልያምስበርግ 177 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እንኳ 130 ብቻ ነው! መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። እንዲህ ላለ ቀን ብስክሌተኛ የሚነሣው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ሰውነት ሲሠራ ይግላል፤ የሚያበርደው ላብ ሲደርቅ ነው። በዚያ ወራት ግን በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ይቆማል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት አየሩን ይሞላዋል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ካልደረቀ ደግሞ አያበርድም። ስለዚህ ውሃ የሚጠጣው ጥም ሳይመጣ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው። በላብ የሚወጣውን ጨው የሚተካ ምግብም ያስፈልጋል። ሳይበላ የዋለ በሬ ከሰዓት በኋላ ትልሙ ላይ ይተኛ የለም? የሰውም ጉልበት እንደዚያው ነው።

በሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ነፋስ። ከፊት ያለው ሰው አየሩን እየገፋ ይሄዳል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ግን ከጉልበቱ ሩብ ያህል ይተርፈዋል። ለዚህ ነው በቡድን የሚሄዱ ሰዎች በየተራ የሚመሩት። መጠጋጋቱ አደጋም አለው። መሪው ጉድጓድ አይቶ ካልጮኸ የኋለኞቹ እላዩ ላይ ይከመራሉ።

በዚያ ቀን ከተጓዙት አንዱ አቶ ክላረንስ ፒካርድ ነበሩ። ዕድሜያቸው 83 ነበር። ብስክሌታቸው ያገለገለ የሴት ብስክሌት ነበር። በዚያ ሙቀት እጀ ረጅም ሸሚዝና ሱሪ፣ ከሥር ደግሞ የሱፍ ልብስ ለብሰዋል። ሰው ሲስቅባቸው ይሆናል፤ ግን ሱፍ ላብ ይመጥጣል፣ የፀሐይንም ግለት ይከላከላል። የእኛስ ገበሬ በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን መች ይጥላል? ሽማግሌው 177ቱን ኪሎ ሜትር ጨረሱ። በማግሥቱም ሚሲሲፒ ዳር ያለችው ዳቨንፖርት ገቡ። ከዳር እስከ ዳር የዘለቀው ሰው 114 ብቻ ነበር።

አባባ ሳቃቸውን ትተው፣ «ሰማንያ ሦስት አልከኝ?» ብለው ደገሙልኝ። አዎ፣ ሰማንያ ሦስት።

ጉዞው እስካሁን አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከመታጠፉ በቀር በየዓመቱ በሐምሌ ይደረጋል፤ አሁን 7 ቀን ነው፣ ተጓዡም በብዙ ሺህ ይቆጠራል። በመንገድ ላይ ያሉ የገጠር ከተሞች ምግብ ሠርተው ይሸጡላቸዋል። ሲነሡ የኋላውን ጎማ ሚዙሪ ውስጥ ይነክራሉ፤ ሲደርሱ የፊቱን ሚሲሲፒ ውስጥ።