ቲማቲሙን ፀሐይ ላይ የሚያስቀር ካርቡሬተር

ሳጥኑ ሰፍቶ፣ ጎኑ በብየዳ ከፍ ያለ ባለሦስት እግር ሞተር ከማሳ እስከ መኪና መጫኛ፣ ከአትክልት ተራ እስከ ጉልት የአህያን ሸክም ተረክቧል። ዳገት ላይ አቅም ሲያጣ ግን ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ባለንብረቱም ሳያስመረምር አዲስ ካርቡሬተር ይገዛል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ካንዴላው ይፈታ። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ከነጣ ቤንዚን አንሷል፤ ብዙውን ጊዜ ከጄሪካን የመጣ ቆሻሻ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ደፍኖታል። ቀዳዳው በአየር ግፊት ይጽዳ፤ ሽቦ ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አይገርምም። ቅይጡን ባለሙያ ያስተካክለዋል። ሳጥኑ ያመጣውን ትርፍ ጭነት ግን ካርቡሬተር አይሸከመውም።