ብርሃን ለራሱ ሌንስ ሲሠራ

ከሊማሊሞ ወርዶ ድብ ባሕር የደረሰ መንገደኛ በበጋ ቀትር መንገዱ ላይ ከሩቅ ውሃ የተኛ ሊመስለው ይችላል። ሲጠጋው ግን ጠብታም የለም። በጋለው መሬት ላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ከፍ ያለው ቀዝቃዛ አየር ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ብርሃን ወደሚዘገይበት ወደ ጥቅጥቁ አየር ስለሚታጠፍ የሰማዩን መልክ መንገዱ ላይ ያሳየናል።

ለመሆኑ ብርሃን ወደሚዘገይበት ለምን ይታጠፋል? እጅ ለእጅ ተያይዘው ጐን ለጐን የሚሄዱ ተማሪዎችን እናስብ። መካከለኞቹ ጭቃ ቢገቡ ይዘገያሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ይቀድማሉ። ሰልፉ እንደ ደጋን ይጐብጥና የሁሉም ፊት ወደ መካከል ይዞራል።

መስተዋት ብርሃንን የሚያዘገይበት ቁጥር 1.5 ገደማ ነው፤ ቋሚም ነው ብለን እናስተምራለን። ለፀሐይና ለፋኖስ ብርሃን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ካበራ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። ብርቱ ጨረር ሲያልፍበት መስተዋቱ ራሱ ይለወጣል፤ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ያዘገየዋል። የጨረሩ መካከል ከዳሩ ስለሚበረታ መካከሉ ይዘገያል፣ ዳሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እንግዲህ ጨረሩ ለራሱ ሌንስ ሠራ ማለት ነው! በጠበበ ቁጥር ይበረታል፣ በበረታ ቁጥር ደግሞ ይጠባል። ይህን ጉርገን አስካሪያን በ1962 አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

በሌላ በኩል ማንኛውም ጨረር በተፈጥሮው እየሰፋ ይሄዳል። ማን ያሸንፋል? የሚወስነው የጨረሩ ኃይል ነው፦ በንጹሕ መስተዋት ውስጥ ጥቂት ሚሊዮን ዋት፣ በአየር ውስጥ ጥቂት ቢሊዮን ዋት ገደማ። ከዚያ ሲያልፍ ጨረሩ እየጠበበ ሄዶ መስተዋቱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ ይተዋል።

ታዲያ ብርቱ ሌዘር የራሱን መስተዋት እያበላሸ ሠሪዎቹን ለዓመታት አስቸገረ። በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ መላ አገኙ፦ አጭሩን ብልጭታ መጀመሪያ በጊዜ መዘርጋት፣ ከዚያ ማጉላት፣ በመጨረሻ መልሶ ማሳጠር። ለዚህም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ዛሬ እጅግ አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎች ለዓይን ቀዶ ሕክምና ያገለግላሉ።

እጩ መምህራን፣ ተማሪ «ቁጥሩ ሁልጊዜ 1.5 ነው ወይ?» ቢል «መጽሐፉ ነው ያለው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሕግ የሚሠራበት ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያላስተማረ መምህር ትምህርቱን በግማሽ ተወው ማለት ነው።