የመጨረሻው መድኃኒት እንዴት ይጠበቅ?

አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች፤ ባክቴሪያ የተባሉትን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን የሚገድሉ ወይም እንዳይራቡ የሚያግዱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ፔኒሲሊንን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፤ በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፤ መድኃኒቱን ከልኩ አሳንሶ የሚወስድ ሰው ተሐዋስያኑን ያለማምዳቸዋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። የፈራውም ነገር ደርሷል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ከብዙ ተሐዋስያን መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የመቋቋም ጠባይ ይኖራቸዋል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲፈጃቸው፤ ብርቱዎቹ ሥፍራውን ይዘው ይራባሉ።

ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 እነዚህን መድኃኒቶች በሦስት ክፍል መደባቸው። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት በመጀመሪያ የሚሰጡ ናቸው፤ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉት በብርቱ ጥንቃቄ የሚሰጡ ናቸው፤ እንደ ኮሊስቲን ያሉት ግን ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚወጡ ናቸው።

ኮሊስቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ለብዙ ዘመን ተትቶ የነበረ መድኃኒት ነው፤ ሌሎቹ መሥራት ሲያቅታቸው ግን ሐኪሞች ተመለሱበት። በቻይና አገር ከብቶችና አሳማዎች እንዲፋፉ በመኖ ውስጥ ይጨመር ነበር። በ2015፤ ይህን መድኃኒት የመቋቋም ጠባይ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ በዚያው አገር ተገለጸ፤ መንግሥቱም በ2017 ለማፋፊያ እንዳይውል ከለከለ።

እንግዲህ የባክቴሪያ ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል ውስጥ፤ በደም መመረዝ የታመመ አንድ ጨቅላ ሕፃን ተኝቷል እንበል። ሐኪሙ የመጨረሻውን መድኃኒት ቢነፍገው ሕፃኑ ሊሞት ይችላል፤ ለታመመ ሁሉ ቢያድለው ደግሞ ነገ ለሚወለደው የሚሆን መድኃኒት አይኖርም። መፍትሔው መንፈግ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ይኸውም፦

አንደኛ፤ ምርመራ በሚቻልበት ሁሉ፤ ሕክምናው ሳይዘገይ፤ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ደም ይወሰድ።

ሁለተኛ፤ መድኃኒቱ በቁልፍ ይጠበቅ፤ የሚወጣውም በዋና ሐኪም ፈቃድ ይሁን፤ ፈቃዱም ቀንም ሌሊትም የሚገኝ ይሁን።

ሦስተኛ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የበሽተኛው ሁኔታና የምርመራው ውጤት ይታይ፤ ቀላሉ መድኃኒት የሚበቃ ከሆነ ይለወጥ፤ የማያስፈልግ ከሆነም ይቁም።

አራተኛ፤ እነዚህ ተሐዋስያን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገሩት ይበልጡን በእጅ ስለሆነ፤ ሐኪሙም ነርሷም ጠያቂውም እጁን ይታጠብ። ያልተላለፈ በሽታ መድኃኒት አይፈልግምና።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ። የመጨረሻው መድኃኒት እንዳይነካ የሚጠብቀው የመጀመሪያው መድኃኒት በደንብ መሥራቱ ነው፤ የመጀመሪያውም የሚበላሸው በየቤታችን ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ፤ የተረፈውን ክኒን ለጎረቤት አትስጡ፤ የታዘዘውንም በታዘዘው ልክና ቀን ውሰዱ። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ፤ ልጅ የተማረውን ለወላጆቹ ይነግራልና።

ብልህ ገበሬ በክፉ ዘመን እንኳ የዘር እህሉን አይበላም። እኛም ይህን መድኃኒት እንደ ዘር እህል ልንጠብቀው ይገባናል።