ዴኩ ሳይጠፋ ካሴቱን መገልበጥ

በብዙዎቻችን ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጡ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ፡፡ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎም ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ በውስጣቸው ይገኛል፡፡ ብዙ ሰው የሚሰጋው ካሴቱ እንዳይበላሽ ነው፡፡ ሥጋቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ከካሴቱ ቀድሞ እየጠፋ ያለው ግን ማጫወቻው ነው፡፡ በመጨረሻ የቪኤችኤስ ዴክ አምራችነቱ የሚታወቀው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ዴክ በአብዛኛው ያገለገለ ነው፡፡ በመሆኑም ካሴት መገልበጥ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም፡፡

በቅድሚያ የካሴቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል፡፡ ትልቁ ቪኤችኤስና አነስ ያለው ሃይ 8 አናሎግ ናቸው፡፡ እነዚህን ለመገልበጥ ዴኩን ወይም ካሜራውን በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ከዩኤስቢ መቅረጫ ጋር፣ መቅረጫውን ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይበቃል፡፡ ትንሹ ሚኒ ዲቪ ግን ዲጂታል በመሆኑ ፋየርዋየር በተባለው ገመድ ቢገለበጥ የምስሉ ጥራት አይቀንስም፡፡ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል፡፡ አዳዲስ ላፕቶፖች የፋየርዋየር መሰኪያ ስለሌላቸው፣ መሰኪያው ያለውን አሮጌ ኮምፒውተርዎን ለመሸጥ አይቸኩሉ፡፡ በሁሉም ዓይነት የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፡፡

ካሴቱን ከመክተትዎ በፊት በመስኮቱ በኩል ክሩን ይመልከቱ፡፡ ነጭ ሻጋታ ካዩበት አያጫውቱት፤ የዴኩን ማንበቢያ ከማበላሸቱም በላይ ሻጋታው ወደ ሌሎች ካሴቶች ሊዛመት ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩት፡፡ ንጹሕ ከሆነ እስከ መጨረሻው አሳልፈው መልሰው ያጠንጥኑት፡፡ በስህተት እንዳይቀዳበትም የቪኤችኤሱን መከላከያ ፕላስቲክ ይስበሩ፡፡

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ካለ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ በአገራችን የተለመደው አሠራር ፓል ሲሆን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነው፡፡ ፓል ብቻ በሚያነብ ዴክ ላይ የአሜሪካው ካሴት ምስሉ ይዘላል፣ ወይም ቀለሙ ይጠፋል፡፡ ችግሩ የካሴቱ ስላልሆነ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጉ፡፡ በኮምፒውተሩም ላይ ለፓል 576፣ ለኤንቲኤስሲ 480 መስመር መመረጡን ያረጋግጡ፡፡

ካሴቱን ለሚገለብጡ ቤቶች ከሰጡ ደግሞ ዲቪዲ ብቻ ተቀብለው አይመለሱ፡፡ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ባይት በመሆኑ ቪዲዮው ተጨምቆ ነው የሚገባበት፡፡ የሚጫርና በጊዜ ብዛትም የሚበላሽ ነገር ነው፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮችም በአብዛኛው ማጫወቻ የላቸውም፡፡ ዲቪዲው ማጫወቻ ላላቸው ቤተሰቦች ለመስጠት ያገለግላል፡፡ ዋናውን ፋይል ግን በሃርድ ዲስክ ይጠይቁ፡፡ ከዚያም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን ከቤትዎ ውጪ በእህት ወይም በወንድም ዘንድ ያስቀምጡ፡፡ ፋይሉ በትክክል መከፈቱን፣ ድምፁም መኖሩን እስከ መጨረሻው ሳያዩ ካሴቱን አይጣሉ፤ ቦታ ካለዎት ከዚያም በኋላ ቢያቆዩት ይመረጣል፡፡

የመጨረሻው ሥራ ማሽን አይፈልግም፡፡ የተገለበጠውን ቪዲዮ ከቤተሰቡ አረጋውያን ጋር ቁጭ ብለው ይዩት፡፡ ከሙሽራዋ ጎን የቆሙት ማን እንደሆኑ፣ ዘመኑ መቼ፣ ቦታውም የት እንደነበር ጠይቀው ይጻፉ፡፡ ፋይሉንም በዓመተ ምሕረቱና በዝግጅቱ ስም ይሰይሙት፡፡ ዴክ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቅ ሰው ካለፈ ግን የሚጠየቅ አይገኝም፡፡