የገረጣ ፊልም፤ ጥፋቱ የማን ነው?



የሠርግ ፊልም ታጥቦ ሲወጣ ገርጥቶ ቢገኝ ሠርጉ አይደገምምና ኀዘኑ ከባድ ነው። አንሺው አጣቢውን፥ አጣቢውም አንሺውን ይወቅሳል። ፍርዱን ግን ፊልሙ ራሱ ይሰጣል።

በፊልሙ ጠርዝ ላይ ፋብሪካው በብርሃን ያተማቸው ቁጥሮች አሉ። ቁጥሮቹ ጠቁረው ሥዕሉ ብቻ ከገረጣ፥ ሲነሣ በቂ ብርሃን አላገኘም። ቁጥሮቹም አብረው ከገረጡ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱ ደክሟል፥ ጊዜው አጥሯል፥ ወይም ውኃው ቀዝቅዟል። ከእንጦጦ ማዶ ባለችው በደጋይቱ በሱሉልታ፥ እንዲሁም በቡራዩና በሰበታ፥ በኅዳር ሌሊት ያደረ ውኃ ከተለመደው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግ ይወርዳል። መድኃኒት ሲበርድ ሥራው ይዘገያል።

በዓይን ግምት እንዳንፈርድ ዴንሲቶሜትር የሚባል መለኪያ አለ። ከገባው ብርሃን ዐሥረኛው እጅ ብቻ ሲያልፍ ጥቁረቱ 1፥ መቶኛው ሲያልፍ 2፥ ግማሹ ሲያልፍ 0.3 ያህል ይባላል። የጠርዙን ቁጥሮች ጥቁረት በደኅና ከታጠበ ተመሳሳይ ፊልም ጋር ማነጻጸር ክርክሩን ይቈርጣል።

ፊልም ፊክሰር ውስጥ ከገባ በኋላ እንደገና ቢታጠብ አይጠቅምም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ባልዲ ውስጥ አቁሙ፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለኩ፤ ፊልሙን ከዚያ በኋላ አግቡ።