«እንቢ ካልኩ ዝምድና ቆረጥኩ?»

ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህት አለች እንበል። ወንድሟ ደወለ፤ ለባጃጅ መግዣ 50 ሺህ ብር ጎድሎታል። እጇ ላይ ምንም የለም። ቢሆንም «እሺ» ብላ ከጓደኛዋ ተበድራ ላከች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ይህችን እህት ብዙዎቻችን እናውቃታለን፤ አንዳንዶቻችንም እሷው ነን።

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲ.ቢ.ቲ የሚባለው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና እዚህ ላይ የሚረዳን ነገር አለ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጀምሩት መነሻቸው ይህ ነበር፦ የሚያስጨንቀን የገጠመን ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ በቅጽበት ውል የሚልብን ሐሳብም ጭምር ነው። (ከእርሳቸው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድመው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ጎጂ ሐሳብን በሌላ ሐሳብ ስለማከም ጽፈዋል።)

በወንድሟ ጥያቄና በእሷ «እሺታ» መካከል ያለው ሐሳብ «እንቢ ካልኩ ዝምድና ቆረጥኩ» የሚል ነው። ይህን ወረቀት ላይ ታስፍረውና ማስረጃ ትፈልግለት። ስናስተምር ተማሪዎቻችንን «ይህን በምን አወቃችሁ?» እንላቸው ነበር፤ ነገሩ እሱው ነው። ባለፈው ዓመት «አሁን የለኝም» ስትለው ወንድሟ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው አልደወለም? ዝምድና መቀጠልስ የተጠየቁትን ሁሉ መስጠት ነው? ሰልማን (ረ.ዐ) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) በዒባዳ ብዛት ራሱንና ቤተሰቡን ሲዘነጋ ባየው ጊዜ፣ ነፍሱም ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸው ነግሮታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን እንደሆነ አረጋግጠዋል። የጓደኛዋ ብድርም ሐቅ ነው። እንግዲህ በአሮጌው ሐሳብ ቦታ «ወንድሜን እወደዋለሁ፤ በዚህ ወር ግን የለኝም» የሚለውን ትጽፋለች።

መጻፍ ብቻውን ይሉኝታን አይነቅልም። ከትንሽ ጥያቄ ጀምሮ በተግባር መሞከር ይጠይቃል፤ ከመናገሯ በፊት የፈራችውን፣ ከተናገረች በኋላ የሆነውን ጽፎ ማስተያየት። መጀመሪያ ላይ ልብ ይመታል፤ ያ የማጥፋቷ ምልክት አይደለም።

ፓስፖርት የሚቀማ አሠሪ ወይም የሚደበድብ ባል ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ የሚያስፈልጋት ወረቀትና እስክሪብቶ ሳይሆን የሚደርስላት ሰው ነው።

ወንድምየውንም አንርሳው። በሱረቱ አን-ኑር 28ኛው አንቀጽ፣ የሰው ቤት አንኳኩቶ «ተመለስ» የተባለ ሰው እንዲመለስ ታዟል፤ ለእርሱም የተሻለው ያ መሆኑ ተነግሮታል። «የለኝም» ስትለው «ንቃኝ ነው» ብሎ ካሰበ፣ እርሱም ወረቀት አውጥቶ «ይህን በምን አወቅኩ?» ይበል።